የቤት ኪራይ ውል ከዘመኑ በፊት ሲቋረጥ የተከራይ መብትና ግዴታ፦ በቢቸናና በሞጣ ለሚገኙ ተከራዮች የቀረበ የሕግ ማብራሪያ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ የሚገኙት የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ከሌላ አካባቢ መጥተው ቤት የሚከራዩ ብዙ ነዋሪዎች አሏቸው። በሥራ ምደባ የመጡ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎችና ሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች፣ ከገጠር ቀበሌዎች ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚመጡ ተማሪዎች፣ እንዲሁም ሱቅ ተከራይተው የሚነግዱ ሰዎች ከእነዚህ መካከል ይገኛሉ። የእነዚህ ሰዎች ኑሮ ተለዋዋጭ ነው። ሠራተኛው ይዛወራል፤ ተማሪው ትምህርቱን ያጠናቅቃል ወይም ያቋርጣል፤ የነጋዴውም ገበያ ይቀዘቅዛል። ስለዚህም «ውሉ ሳያልቅ ብወጣ ምን ይከተለኛል?» የሚለው ጥያቄ በተደጋጋሚ ይነሣል።

የጥያቄው መልስ በዋናነት የተመሠረተው ውሉ በጊዜ የተወሰነ በመሆኑ ወይም ባለመሆኑ ላይ ነው። ጊዜ ባልተወሰነለት ውል ተከራዩ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ የመውጣት መብት አለው። ጊዜ በተወሰነለት ውል ግን በራሱ ፈቃድ ብቻ ሊወጣ አይችልም፤ ሕጉ ወይም ውሉ የሚያውቀው ምክንያት፣ አለዚያም የአከራዩ ስምምነት ያስፈልገዋል። ይህን ልዩነት ሳይለዩ ቁልፍ ማስረከብም ሆነ ቁልፍ አልቀበልም ማለት ለሁለቱም ወገኖች አላስፈላጊ ክርክር ምክንያት ይሆናል።

ተፈጻሚ የሚሆነው ሕግ

የቤት ኪራይ ግንኙነት መሠረታዊ ሕግ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሕጉ የማይንቀሳቀስ ንብረት ኪራይን ከቁጥር 2896 ጀምሮ፣ የቤት ኪራይን ደግሞ ከቁጥር 2945 ጀምሮ በተለይ ይደነግጋል። እነዚህ ድንጋጌዎች ምላሽ ባልሰጡበት ጉዳይ ላይ ስለ ውሎች በጠቅላላው የተደነገገው ክፍል ተፈጻሚ ይሆናል። ውልን ቀድሞ ስለማቋረጥ የሚነሡ አብዛኞቹ ጥያቄዎችም መልሳቸውን የሚያገኙት በዚሁ ጠቅላላ ክፍል ነው።

ከዚህ በተጨማሪ በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጥቷል። አዋጁ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲደረግና በተቆጣጣሪው አካል ዘንድ እንዲመዘገብ፣ የውሉ ዘመን በመርሕ ደረጃ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የሁለት ዓመቱ ገደብ በዋናነት የተቀመጠው ተከራዩ በየወሩ ከመፈናቀል ሥጋት እንዲድን ነው፤ ተከራዩን በቤቱ ለማሰር ታስቦ እንደተደነገገ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። ሆኖም ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ አዋጁ የሚሠራው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። በቢቸናም ሆነ በሞጣ የሚኖር ተከራይ ውሉን ከማቋረጡ በፊት ከተማው በክልሉ ውሳኔ የተካተተ መሆኑንና ውሉም የተመዘገበ መሆኑን ከከተማው አስተዳደር ማረጋገጥ ይጠበቅበታል። ውሉ በአዋጁ የሚገዛ ከሆነ ስለ ማቋረጥና ስለ ቅድመ ማስጠንቀቂያ በአዋጁ የተቀመጡት ሁኔታዎች ቅድሚያ ይኖራቸዋል። አዋጁ የሚመለከተው የመኖሪያ ቤትን ብቻ በመሆኑ የሱቅና የመጋዘን ኪራይ በማንኛውም ሁኔታ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ይገዛል። ቀጥሎ ያለው ማብራሪያም በዚሁ ሕግ ላይ የተመሠረተ ነው።

በቃል የተደረገና ጊዜ ያልተወሰነለት ውል

በአነስተኛ ከተሞች አብዛኛው የክፍል ኪራይ በቃል ይፈጸማል። ተከራዩ የወር ኪራዩን ቀድሞ ይከፍላል፤ ቁልፍ ይቀበላል፤ ይገባል። ይህ ዓይነቱ ውል «ወረቀት የለውም» ተብሎ ዋጋ ቢስ የሚደረግ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 መሠረት በጽሑፍ መደረግ ያለባቸው የባለቤትነት፣ የአላባ፣ የአገልግሎትና የመያዣ መብትን የመሰሉ በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ የሚቋቋሙ መብቶች ናቸው፤ ተራ የቤት ኪራይ ከእነዚህ ውስጥ አይቆጠርም። በቃል የተደረገ ኪራይ በምስክር ሊረጋገጥ ይችላል። ችግሩ ያለው በማስረዳቱ ላይ ነው። በቁጥር 2001 እንደተደነገገው ግዴታ አለ ብሎ የሚጠይቅ ወገን መኖሩን የማስረዳት ሸክም አለበት። «ለአንድ ዓመት ነበር የተስማማነው» የሚል አከራይ ያንን ማስረዳት ሲኖርበት፣ «የሦስት ወር ቀድሜ ከፍያለሁ» የሚል ተከራይም እንዲሁ።

ዘመኑ ሳይወሰን በወር እየተከፈለ የሚኖርበት ቤት ጊዜ ያልተወሰነለት ውል ነው። በቁጥር 1821 መሠረት ሁለቱም ወገኖች እንዲህ ያለውን ውል ቀሪ ማድረግ ይችላሉ። ቁጥር 1822 ደግሞ የማስጠንቀቂያውን ጊዜ ይመለከታል፤ በሕግ፣ በውል ወይም በልማድ የተወሰነ ጊዜ ካለ እርሱ ይከበራል፣ ከሌለ ግን እንደ ነገሩ ሁኔታ ተገቢ የሆነ ጊዜ መሰጠት አለበት። ኪራይ በየወሩ በሚከፈልበት ቤት የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በወሩ መጨረሻ ማስረከብ ከክርክር የሚጠብቅ ሥርዓት ነው። በወሩ አጋማሽ ድንገት የወጣ ሰው የዚያን ወር ቀሪ ኪራይ መልሱልኝ ለማለት የሚያበቃው ምክንያት ይጎድለዋል።

በጽሑፍ የተደረገው የአንድ ዓመት ውል ካለቀ በኋላ ተከራዩ በቤቱ ሲቀጥልና አከራዩም ያለ ተቃውሞ ኪራይ ሲቀበል፣ ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደታደሰ ይቆጠራል። ብዙ ተከራዮች አሮጌው የአንድ ዓመት ውል በየዓመቱ በራሱ የሚታደስ እየመሰላቸው ሊወጡ የሚችሉበትን መብት ሳይጠቀሙበት ይቀራሉ። ውሉ ራሱ «በተመሳሳይ ዘመን ይታደሳል» የሚል ግልጽ ቃል ካለው ግን ውጤቱ ይለያል፤ ስለዚህ ወረቀቱን እንደገና ማንበብ ይገባል።

ጊዜ የተወሰነለት ውልና የሥራ ዝውውር

በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል ባቋቋሙት ሰዎች መካከል እንደ ሕግ ነው (ቁጥር 1731)። ሁኔታዎች ተለውጠው የአንዱ ወገን ግዴታ ከታሰበው በላይ ቢከብድ እንኳ ውሉ ጸንቶ ይኖራል (ቁጥር 1764)። ከዚህ የሚነሣው ውጤት ለመንግሥት ሠራተኛ የሚመረው ነው፤ የሥራ ዝውውር ብቻውን ከኪራይ ውል ነጻ አያወጣም። «መሥሪያ ቤቴ አዛወረኝ» የሚለው መከራከሪያ ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል ተብሎ ሲቀርብ ይሰማል። ነገር ግን ቁጥር 1792 የሚጠይቀው ሊታሰብ የማይችልና ግዴታውን መፈጸም ፈጽሞ የሚከለክል ድንገተኛ ነገር ነው። ቁጥር 1793 ምሳሌዎችን ሲሰጥ ተጠያቂ የማይሆኑበትን የሦስተኛ ወገን ያልታሰበ ድርጊት፣ የመንግሥት ክልከላን፣ እንደ መሬት መንቀጥቀጥ፣ መብረቅና ጎርፍ ያለ የተፈጥሮ መቅሠፍትን፣ ጦርነትንና የእርስ በርስ ጦርነትን፣ የባለዕዳውን ሞት ወይም ያልታሰበ ከባድ ሕመም ይጠቅሳል። ዝውውር ለመንግሥት ሠራተኛ ሊታሰብ የማይችል ነገር ነው ማለት ያስቸግራል። በጸጥታ ችግር ወይም በከባድ ሕመም ምክንያት ቤቱን መጠቀም ያልቻለ ተከራይ ግን በዚህ ድንጋጌ ሥር የሚቀርብ ጠንካራ ክርክር ሊኖረው ይችላል፤ ጉዳዩም በማስረጃው ክብደት ይወሰናል።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የሚነሣ አንድ የተሳሳተ ግንዛቤ አለ። በ2012 ዓ.ም. ለኮቪድ-19 ወረርሽኝ በወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ማስፈጸሚያ ደንብ ቁጥር 466/2012 አከራይ ተከራይን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ተከልክሎ ነበር። ክልከላው በአስቸኳይ ጊዜው የተገደበ ነበር፤ ያኔም ቢሆን የሚከላከለው ተከራዩ እንዳይፈናቀል እንጂ ተከራዩን ከውል ግዴታው የሚፈታ አልነበረም።

የዝውውር መፍትሔ ያለው በውሉ ላይ ነው። ቁጥር 1820 ተዋዋዮች ከመካከላቸው አንዱ ውሉን ቀሪ ለማድረግ እንዲችል አስቀድመው እንዲስማሙ ይፈቅዳል። «ተከራዩ ከከተማው ውጭ ወደ ሌላ የሥራ ቦታ የተዛወረ እንደሆነ የዝውውር ደብዳቤውን በማቅረብና የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ በመስጠት ያለ ካሳ ውሉን ማቋረጥ ይችላል» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር የመምህሩንም የነርሷንም ጭንቀት ያስቀራል። አከራዮችም ብዙ ጊዜ አይቃወሙትም፤ የሚያሳስባቸው ቤቱ ጾሙን ማደሩ ስለሆነ የአንድ ወር ጊዜ ሌላ ተከራይ ለመፈለግ ይበቃቸዋል። ውሉ ይህ ቃል ከሌለው የሚቀረው በቁጥር 1819 መሠረት በስምምነት መለያየት ነው። ተከራዩ ራሱ ሌላ ተከራይ ፈልጎ ቢያቀርብ ስምምነቱ ይቀላል፤ ይሁንና አዲሱ ተከራይ የገባው በአከራዩ ፈቃድ መሆኑና የቀድሞው ተከራይ ከኃላፊነት መሰናበቱ በጽሑፍ መስፈር አለበት። አለዚያ አዲሱ ሰው ሳይከፍል ቢቀር ዕዳው ወደ ቀድሞው ሊመለስ ይችላል።

ያለ ምክንያት ቀድሞ መውጣት የሚያስከትለው ካሳ

ያለ ስምምነትና ያለ ሕጋዊ ምክንያት የወጣ ተከራይ ካሳ ይጠየቃል። ይህ ማለት ግን የቀሪውን ዘመን ኪራይ ምንጊዜም ሙሉ በሙሉ ይከፍላል ማለት አይደለም። በቁጥር 1799 መሠረት ካሳው የሚለካው የውሉ አለመፈጸም እንደ ተለመደው ሊያደርስ በሚችለው ጉዳት ልክ ነው፤ ተጎጂውም ጉዳቱ እንዳይበዛ ያለ ልዩ ችግር ሊያደርግ የሚችለውን ማድረግ ይጠበቅበታል።

በምሳሌ ለማስረዳት፣ አንድ መምህር በወር 1,500 ብር ከመስከረም 1 ጀምሮ ለአንድ ዓመት ተከራይቶ ጥር 30 ቀን ለቀቀ እንበል። ሰባት ወር ይቀራል፤ በሒሳብ 10,500 ብር ይሆናል። አከራዩ ቤቱን ከመጋቢት 1 ጀምሮ በዚያው ዋጋ ለሌላ ካከራየው የደረሰበት ጉዳት የየካቲት ኪራይ፣ ማለትም 1,500 ብር ነው። ለአንድ ቤት ከሁለት ሰው ኪራይ መሰብሰብ የካሳ ሕግ የሚደግፈው ነገር አይደለም። አከራዩ ቤቱን ለማከራየት ሳይሞክር ዘግቶ ቢያስቀምጠው ደግሞ መምህሩ ይህንኑ ለፍርድ ቤት በማስረዳት ካሳው እንዲቀነስ መጠየቅ ይችላል። «የሚከራይ ቤት» የሚል ማስታወቂያ አለመለጠፉን ወይም ሊከራዩ የመጡ ሰዎችን መመለሱን የሚያውቁ ጎረቤቶች እዚህ ላይ ጠቃሚ ምስክሮች ናቸው።

በውሉ ላይ መቀጫ ወይም በተለምዶ ገደብ የሚባለው ከተጻፈ ነገሩ ይጠብቃል። ቁጥር 1889 ተዋዋዮች ለውል አለመፈጸም የሚከፈለውን መጠን አስቀድመው እንዲወስኑ ስለሚፈቅድ አከራዩ የደረሰበትን ጉዳት ማስረዳት ሳያስፈልገው መቀጫውን ሊጠይቅ ይችላል። ዳኛው መቀጫውን ሊቀንስ የሚችለው ግዴታው በከፊል ተፈጽሞ እንደሆነ ነው (ቁጥር 1893)። የዓመቱን ውል አምስት ወር በአግባቡ ፈጽሞ የወጣ ተከራይ ይህን ድንጋጌ ጠቅሶ ቅነሳ መጠየቅ አለበት። በደላላ እጅ የሚዞሩ ተዘጋጅተው የታተሙ የውል ቅጾች ብዙ ጊዜ የመቀጫ ቃል ስላላቸው ከፊርማ በፊት መነበብ አለባቸው።

ቀብድና ማስያዣ

ሁለቱ በአነጋገር ይደባለቃሉ፤ በሕግ ግን የተለያዩ ናቸው። ቀብድ ውል መደረጉን የሚያረጋግጥ ገንዘብ ነው (ቁጥር 1883)። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን በመተው ውሉን ማፍረስ ይችላል፤ ቀብድ የተቀበለው ሲያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል (ቁጥር 1885)። ስለዚህ በነሐሴ ወር 500 ብር ቀብድ ሰጥቶ መስከረም ላይ ሳይገባ የቀረ ሰው የሚያጣው 500 ብሩን ሲሆን፣ ቤቱን ለሌላ ያስረከበ አከራይ 1,000 ብር ይመልሳል።

ማስያዣ ግን ተከራዩ ሲወጣ ላልተከፈለ ኪራይ፣ ለመብራትና ለውኃ ዕዳ ወይም ለደረሰ ብልሽት መተማመኛ ሆኖ የሚቀመጥ ነው። ዕዳም ብልሽትም ከሌለ ይመለሳል። ቀድሞ መውጣት ብቻውን፣ ውሉ ካልደነገገ በስተቀር፣ ማስያዣን በሙሉ የሚያስወርስ ምክንያት ሊሆን አይገባም። በሌላ በኩል «የመጨረሻውን ወር ከማስያዣው ቁረጡ» ብሎ ሳይከፍሉ መቀመጥ አከራዩ ካልተስማማ ውዝፍ ኪራይ ያደርጋል። ከቁጥር 1831 ጀምሮ በተደነገገው መሠረት ዕዳን በዕዳ ማቻቻል የሚቻለው ሁለቱም ዕዳዎች የታወቁና የሚከፈሉበት ጊዜ የደረሰ ሲሆን ነው፤ ማስያዣው የሚመለስበት ጊዜ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከርክክብ በኋላ ነው። በወረቀቱ ላይ የቱ ቀብድ፣ የቱ ማስያዣ፣ የቱ ቅድመ ክፍያ እንደሆነ በስሙ ቢጻፍ ብዙ ክርክር ይቀራል።

ጥፋቱ የአከራዩ ሲሆን

አከራይ ቤቱን ለታሰበለት አገልግሎት በሚስማማ ሁኔታ የማስረከብና ተከራዩ በሰላም እንዲጠቀምበት የማድረግ ግዴታ አለበት። ጣሪያው ክረምቱን ሙሉ ሲያፈስስ፣ የተስማሙበት ውኃ ወይም መብራት ሲቋረጥ፣ ወይም አከራዩ ክፍሉን እየከፈተ ሲገባ ተከራዩ ውሉ እንዲሰረዝ የሚጠይቅበት ምክንያት ይፈጠራል። አካሄዱ ግን ሥርዓት አለው። በቁጥር 1772 መሠረት መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ መሰጠት አለበት፤ ማስጠንቀቂያውም ጉድለቱንና እንዲታረም የተሰጠውን ጊዜ ይግለጽ። ካልታረመ በቁጥር 1784 መሠረት ፍርድ ቤት ውሉን እንዲሰርዝ ይጠየቃል። ዳኛው በቁጥር 1785 ጉድለቱ የውሉን መሠረታዊ ቃል የሚነካ መሆኑን ይመዝናል። የተሰነጠቀ መስታወት ውል አያሰርዝም፤ ለልጆች መኝታ የማይሆን የሚያፈስስ ክፍል ግን የተለየ ነው። አከራዩ ተከራዩን ለማስወጣት መብራት ቢቆርጥ ወይም ቁልፍ ቢቀይር ደግሞ ተከራዩ በቁጥር 1149 መሠረት የሁከት ይወገድልኝ ክስ በሁለት ዓመት ውስጥ ማቅረብ ይችላል።

ተማሪ ተከራዮች

ከገጠር ስንቃቸውን ይዘው መጥተው ሁለት ሦስት ሆነው ክፍል የሚከራዩ ተማሪዎች ብዙዎቹ 18 ዓመት ያልሞላቸው ናቸው። አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ በራሱ ለረጅም ጊዜ ተዋውሎ መቀጫ እስከ መክፈል እንዲገደድ ማድረግ ሕጉ ለልጁ ከሚሰጠው ጥበቃ ጋር ይጋጫል። በችሎታ ማጣት ምክንያት ውሉ እንዲፈርስ በቁጥር 1808 መሠረት ልጁ ወይም ወኪሉ ሊጠይቅ ይችላል። ይህ ለአከራዩም አይበጅም፤ ስለሆነም ውሉን ወላጅ ወይም አሳዳሪ ቢፈርም ይመረጣል። የውሉ ዘመንም ከትምህርቱ ዘመን ጋር፣ ከመስከረም እስከ ሰኔ፣ ቢገጣጠም የክረምት ኪራይ ክርክር አይነሣም። ክፍሉን በጋራ የያዙ ተማሪዎች አንዱ ሲወጣ የእርሱን ድርሻ ማን እንደሚሸፍን ከመጀመሪያው መናገር አለባቸው፤ ይህ ሳይነገር ሲቀር ቀሪዎቹ ልጆች ከዐቅማቸው በላይ ይከፍላሉ።

የቀበሌ ቤቶች ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ይለያል። በሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ለመንግሥት ከሆኑት ትርፍ ቤቶች መካከል ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበረው በከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት እንዲተዳደሩ ተደርጎ ነበር። በእንዲህ ያለ ቤት የሚኖር ሰው ሲለቅቅ ቤቱን የሚያስረክበው ለሚያስተዳድረው የመንግሥት አካል ነው፤ ለዘመድ ወይም ለሌላ ተከራይ ማስተላለፍ መብቱ አይደለም።

የአወጣጥ ሥርዓት

ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ፣ በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አከራዩ በአንዱ ላይ መቀበሉን ይፈርም። ካልፈረመ ሁለት ምስክሮች ባሉበት ይሰጠው። የሚወጣበት ቀን በቁጥር ይጻፍ፤ በተለይ በክረምት መጨረሻ ለሚወጣ ሰው ጳጉሜን የት እንደምትገባ ግልጽ ይሁን፤ ብዙ ጊዜ ለብቻዋ ኪራይ አይከፈልባትምና «በወሩ መጨረሻ» የሚለው ቃል ያከራክራል። በርክክቡ ቀን የመብራትና የውኃ ቆጣሪ ንባብ፣ የበርና የመስኮት ሁኔታ፣ የቁልፎች ብዛት በአጭር ወረቀት ይመዝገብ፤ የተከፈለውና የተመለሰው ገንዘብም ይጻፍበት። አከራዩ ቁልፉን አልቀበልም ቢል ቁልፍ ይዞ ወደ ሌላ ከተማ መሄድ ቤቱ እንዳልተለቀቀ ሊያስቆጥር ስለሚችል እምቢታው በምስክር ፊት ይረጋገጥ፤ ጉዳዩም ሳይዘገይ ለፍርድ ቤት ይቅረብ።

በአካባቢው እንደተለመደው ነገሩ በሽማግሌ ፊት ቢያልቅ ሕጉ ይቀበለዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ ግልግል ከቁጥር 3307 ጀምሮ ደንግጓል። የስምምነቱ ውጤት ግን በወረቀት ሰፍሮ በሁለቱ ወገኖችና በሽማግሌዎቹ መፈረም አለበት፤ ይቅር ተባብለው ከተለያዩ በኋላ «ማስያዣው አልተነሣም ነበር» የሚል ክርክር የሚመጣው በቃል ብቻ በቀረ ዕርቅ ነው። ስምምነት ካልተገኘ ክሱ ቤቱ በሚገኝበት ወረዳ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ከተማውን ለቅቆ የሄደ ተከራይ ውሉን፣ የማስጠንቀቂያውን ቅጂ፣ የክፍያ ደረሰኞችንና የርክክቡን ወረቀት ይዞ ወኪል በመሾም ሊከራከር ይችላል፤ ይግባኝ ቢያስፈልግ ለዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይቀርባል።